ከአልጋ ሥር የወጣው ሮዝ ሻጋታ

ባለፈው ወር ለአንድ ሳምንት ከቤት ርቀን ስንመለስ መሶቡ ውስጥ የረሳነው እንጀራ ሻግቶ ጠበቀን። ባለቤቴ አፍንጫውን ይዞ «ጣይው» አለኝ። እኔ ግን መሶቡን ወደ መስኮቱ ወስጄ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አሸተትኩትም። ነጭ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ጥቁር ነጠብጣብም አለ። «ሮዟ የለችም» አልኩት። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ስናገር መጠየቅ ትቷል።

ያ ሽታ ለሌላ ሰው የስንፍና ሽታ ነው። ለእኔ አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ሽታ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችው አንዲት የኪራይ ክፍል፣ እና እትዬ ሐዋ።

እትዬ ሐዋ ሐምሌ እንደገባ በባጃጅ መጣች። ዕቃዋ አንድ የልብስ ሻንጣና «ተሰባሪ ነው» ተብሎ የተጻፈባቸው ሦስት ካርቶኖች ነበሩ። ከእሷ በፊት ያቺን ክፍል የተከራየው ከበሮ መቺ ስለነበር፣ እማዬ ድምፅ የሌለው ሥራ ያለው ተከራይ ከሰጠኸኝ ብላ ተስላ ነበር። ስለዚህ ገና ዕቃው ሳይወርድ ጠየቀቻት።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። አሁን ለዶክትሬት ጥናት ነው የመጣሁት፣ እትዬ አስካለ።»

«ምን ታጠኛለሽ?»

«ሻጋታ።»

የእማዬ ስለት ሰምሮላታል፤ ሻጋታ ከበሮ አይመታም። ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

«የምን ሻጋታ?»

«የእንጀራ።»

«ውይ፣ እኛ ቤት እንኳ የለም።»

«አብሽሩ፣ ከሌላ ቤት ይዤ እመጣለሁ» አለች እትዬ ሐዋ። ይህን ያለችው እማዬን ለማጽናናት ነው። እማዬ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰው ግቢያችን በገባ ቁጥር የመሶቡን ክዳን ከፍታ ማሳየት ጀመረች። ማንም ሳይጠይቃት።

የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ያየዋል። እኛ ሰፈር ባል ቢሰክር፣ ልጅ ቢወድቅ፣ ጣሪያ ቢያፈስ ጎረቤት ያውቃል፤ ያግዛልም። መሶብ ውስጥ የሻገተ እንጀራ መገኘት ግን ገበና ነው። ዝናቡና ጉሙ ለወር ያህል የጦሳን ተራራ ሸፍነውት፣ የታጠበ ካልሲ በሦስት ቀን በማይደርቅበት ሐምሌ እንኳ፣ ከሆጤ ሴቶች አንዷ «እንጀራዬ ሻገተ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ይሻግታል፤ አይነገርም።

ወሬው ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። «ዶክተር» የሚለውን ሰፈሩ ሰማ፤ «ሻጋታ» የሚለውን አልሰማም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ከድጃ፣ ከግንብ አጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ ጭንቅላቱን ጭርት የመታውን ልጇን እየጎተተች መጣች። እትዬ ሐዋ የልጁን ራስ አገላብጣ አየችና አዘነች።

«ይሄም የሻጋታ ዘመድ ነው። የእኔ ሥራ ግን አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።»

«ዘመዱን ካወቅሽው ብትመክሪውስ?» አለች እትዬ ከድጃ።

ክፍሏ ውስጥ የሚሠራውን የማየው በበሩ ስንጥቅ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷ ግቢ አለችኝ። ድንች ትቀቅላለች። ውሃውን አጥልላ ስኳርና አንድ የሚያረጋ ዱቄት ትጨምርበታለች፤ በሚያፏጭ ድስት ታፈላውና ክዳን ባላቸው ክብ የብርጭቆ ሰሃኖች ላይ ታፈሳለች። ሲረጋ በመርፌ ጫፍ ከሻጋታው ትንሽ ወስዳ ትነካካበታለች። በሦስት በአራት ቀን ሰሃኑ ላይ ጸጉር ይበቅላል። የተቀቀለውን ድንች ለእኔ ትሰጠኛለች። ያን ክረምት ሻጋታው መረቁን ጠጣ፣ እኔ ድንቹን በላሁ፤ ሁለታችንም ወፈርን።

ሾርባ የሚሰጠው ለታመመ ሰው እንደሆነ ስለማውቅ ነገሩ ገባኝ። ሻጋታው ታሟል፤ እትዬ ሐዋ ታክመዋለች። ሲድንና ጸጉሩ ሲያድግ በማጉያ መነጽሯ አይታ በደብተር ትጽፋለች። ይህን ለእትዬ ከድጃ ልጅ ስነግረው ጭርቱን እየነካካ «እኔንስ ለምን ታባርረኛለች?» አለ።

ሰሃን ስናጥብ ስለራሷ ታወራኛለች። የተወለደችው ቢስቲማ አጠገብ ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባቷ ማሽላቸውን የሚያስቀምጡት መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱ ሲከፈት ክፉ አየሩ እንዲወጣ አንድ ቀን ሙሉ ይተዋል፤ ከዚያ ትንሹ ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ትንሿ እሷ ነበረች። ከላይና ከዳር ያለው ማሽላ ሁልጊዜ ሻግቶ ይገኛል። አባቷ «እሱ የጉድጓዱ ድርሻ ነው» ብለው ይተዉታል።

«እኔ ግን ተናደድኩ» አለችኝ። «እኔ በልቼ ሳልጠግብ ጉድጓዱ ይጠግባል? ማን እንደሚበላብን ማወቅ አለብኝ አልኩ።»

በዚያ ንዴት ቢስቲማ ተማረች፤ በዚያ ንዴት ደሴ አክስቷ ቤት ተጠግታ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲም ገባች። ጓደኞቿ ካንሰርን፣ ወባን ሲመርጡ እሷ ሻጋታን መረጠች። መምህሯ ሌላ ወንበር እንዳጣች ሰው ነው ያያት። እናቷ እስከዚያ ክረምት ድረስ ለጎረቤት የሚናገሩት «ልጄ ነርስ ናት» እያሉ ነበር። አረፋን ልታከብር ስትሄድ ግን ለብቻዋ ጠርተው «ይሄ ሻጋታ ገና አልጠፋልሽም?» ይሏታል።

የመጣችበት ጉዳይ ይህ ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ በሚኒባስ ግን የግማሽ ሰዓት መንገድ ናቸው። ጤፉም አንድ፣ አቡኪዋም የአንድ አገር ሴት። ታዲያ እንጀራውን እዚህ የሚያበላሸውና እዚያ የሚያበላሸው አንድ ነው ወይስ የተለያየ? ይህን ለማወቅ ከኮምቦልቻ አሥራ ሁለት ቤት፣ ከደሴ አሥራ ሁለት ቤት ናሙና ያስፈልጋታል። እያንዳንዱ ቤት አንድ እንጀራ በራሱ መሶብ ሳይነካ ያስቀምጣል፤ ሻጋታው የታየበት ቀን ይጻፋል፤ ከዚያ ለእሷ ይሰጣል። ከዩኒቨርሲቲው ያገኘችው ፈቃድ በጳጉሜን ያልቃል። እስከዚያ ካልሞላ ወደ ማስተማሯ ትመለሳለች፣ ዶክትሬቱም ይቀራል።

የኮምቦልቻውን እሷ ልትሰበስብ፣ የሆጤውን እኔ ልሰበስብ ተስማማን። ሁሉም ቤት ገብቼ የምበላ ልጅ ስለነበርኩ ለሥራው ከእኔ የሚሻል አልነበረም። አሥራ አንድ ጎረቤት መረጥን። አሥራ ሁለተኛው የእኛ ቤት ነበር፤ እማዬ ግን «እኔን ተዉኝ» ብላ ቀድማ ወጣች።

መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ዘውዲቱ ዘንድ ነው። እማማ ዘውዲቱ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም። የተባልኩትን ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። በሳምንቱ ስመለስ የዕለት እንጀራ፣ ገና ላቡ ያልደረቀ፣ በራሳቸው ሰፌድ ላይ አድርገው ሰጡኝ።

«እማማ፣ የሻገተውን ነው የፈለገችው።»

«ለእንግዳ ሻጋታ ይሰጣል፣ ልጄ? ይሄ ይሻላታል በያት።» ብለው ሁለት ደረቡበት።

እትዬ ከድጃም እንዲሁ። ሌሎቹም እንዲሁ። ያስቀመጡት ሊሻግት ሲል ይበሉታል ወይም ለከብት ይሰጡታል፤ በምትኩ ትኩስ ይልካሉ። እትዬ ሐዋ ተራራ የሚያህል ትኩስ እንጀራ ፊት ቁጭ ብላ «ይሄ ለምሳ ነው እንጂ ለጥናት አይሆንም» አለች። በላነው። በሁለተኛውም ሳምንት በላነው። እማዬ «ሆጤ ሻጋታ የለም ብዬሽ አልነበር?» እያለች ወጥ ጨመረችልን።

በዚያ ቀን እትዬ ሐዋ ደጃፏ ላይ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ዝናቡን ስታይ ቆየች። አንጀቴን በላችው። በሕይወቴ የጠየቅኳትን ሁሉ የመለሰችልኝ የመጀመሪያዋ ትልቅ ሰው ናት። «ጥፍር ሲቆረጥ ለምን አያምም?» ብላት እንኳ አልሳቀችብኝም። ስለዚህ ላድናት ወሰንኩ።

ሥራው ቀላል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቶቻችን የሰጡኝን አሥራ አንድ ትኩስ እንጀራ ወደ እሷ አልወሰድኩትም። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጭ አስቀርቼ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። አልጋዬ ሥር ጨለማ ነው፣ ርጥብ ነው፤ የአባዬም አሮጌ ቦቲ ጫማ እዚያ ነበር። አባዬ የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመጣል። ቦቲውን ከዓመት በፊት ስለቀየረ የድሮውን ማንም አያስታውሰውም። የሻጋታ ሐኪም ቤት ቢሠራ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በስድስተኛው ቀን ላስቲኩን ስገልጥ ሁሉም አምሮባቸዋል። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዬ ስም ጻፍኩበት፤ ዘውዲቱ፣ ከድጃ፣ ሁሉንም። የሻገተበትን ቀን ደግሞ ከራሴ እየፈጠርኩ ሞላሁ። ለምወዳቸው ረዘም ያለ ቀን ሰጠሁ፤ ከረሜላ ለከለከለችኝ ለአንዷ ሁለት ቀን ብቻ።

እትዬ ሐዋ ሰሃኖቹን ባየች ቀን የሆነችውን ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከነጩና ከአረንጓዴው መካከል ሮዝ የሆነች፣ እንደ ጥጥ የተባዘተች ሻጋታ በሁሉም ሰሃን ላይ ወጥታለች። ከኮምቦልቻ ናሙናዎች በአንዱም የለችም። እትዬ ሐዋ ብብቴን ይዛ አንስታ አዞረችኝ። ዘለለች። «የደሴን ብርድ የምትወድ ናት፣ መቅዲ፤ አሥራ አንዱም ቤት!» አለች። ብስኩት ገዛችልኝ። እኔም ሐኪሟ የወደደችው ሮዟን መሆኑን ስላወቅሁ የሚቀጥለውን ዙር ወደ ቦቲው ይበልጥ አስጠጋሁት።

ለሽልማት በሚቀጥለው ሰኞ ኮምቦልቻ ወሰደችኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። የሄድነው የፋብሪካ ሠራተኞች ወደተከራዩት ረድፍ ቤት ነው። ከየገጠሩ የመጡ፣ በፈረቃ የሚሠሩ፣ አንዷ የሌላዋን እናት የማታውቅ ሴቶች ናቸው። እትዬ ሐዋ ገና «ሻጋታ» ስትል «ውሰጂው፣ እህቴ፣ ሁሉንም ውሰጂልን» አሉ። አንዷ እንዲያውም ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፋ ጠብቃታለች። ኮምቦልቻ አሥራ ሁለቱም ሞላ። የሚያፍር ሰው አልነበረም፤ የሚታፈር ጎረቤት የለማ።

ከዚያ አባዬን ልንጠይቅ ክፍሉ ሄድን። እማዬ እሑድ እሑድ የሳምንቱን እንጀራ ጋግራ በሚኒባስ ትልክለታለች። ዕለቱ ግን ሰኞ ነው፤ ያለፈው ሳምንት ቀሪ ገና አልተጣለም ነበር። አባዬ መሶቡን ሳይጠነቀቅ ከፈተ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፤ የሌለ ቀለም የለም። ፈጥኖ ከደነው፤ እኔን አየኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ሁልጊዜ ነው?»

«ከረቡዕ በኋላ። የዚህ አገር ሙቀት ነው እንጂ የእጇ አይደለም።»

እትዬ ሐዋ መሶቡን የተራበ ሰው ዓይኑን እንደሚጥልበት አድርጋ አየችው። ደሴ ተጋግሮ ኮምቦልቻ የሻገተ እንጀራ ለጥናቷ እንዴት ያለ ሲሳይ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ግን እጇን አልዘረጋችም። «ያለ እትዬ አስካለ ፈቃድ አልወስድም» አለች። ለአባዬም «ጋሼ፣ ይሄ ፍቀው የሚበሉት አይደለም፣ ጉበት ይጎዳል» አለችው። እኔ በአሥር ዓመቴ የሁለት ሰው ገበና ተሸክሜ ሐረጎን ወጣሁ። አንደኛው የአባዬ፣ ሌላው አልጋ ሥር ያለው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሰማ። እማማ ዘውዲቱ ያልመለስኩትን ሰፌዳቸውን ፍለጋ መጡና እግረ መንገዳቸውን እትዬ ሐዋን ለመጠየቅ ገቡ። መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰሃኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ስም አለ። እማማ ዘውዲቱ የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ ናቸው። ጋዜጣ አያነቡም፤ ስማቸውን ግን በጨለማም ቢሆን ይለያሉ።

«ዘ... ው... ዲ... ቱ» አሉ በጣታቸው እየተከተሉ። ቀና አሉ። «ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እማማ፣ የእርስዎ መሶብ ናት» አለች እትዬ ሐዋ ደስ ብሏት። «ከሁሉም ሸጋዋ የእርስዎ ናት።»

እማማ ዘውዲቱ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ግቢው ወጡ። ከዚያ የሆነውን ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። እትዬ ከድጃ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «የእኔም አለ?» አለች፤ አለ ስትባል ነጠላዋን ሳትለብስ መጣች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ክፍሏን ሞሉት፤ እያንዳንዷ ስሟን ጸጉር ባበቀለ ሰሃን ላይ አገኘች።

«ወላሂ ከእኔ ቤት ይሄ አልወጣም» አለች እትዬ ከድጃ።

«ይሄ ሁሉ አዲስ አበባ ሊላክ ነው? ከነስማችን?» አሉ እማማ ዘውዲቱ።

እማዬ በመካከላቸው ቆማ ፊቷ አመድ መስሏል። በእሷ ግቢ፣ በእሷ ተከራይ የሆጤ ገበና ተዘክዝኳል። «ሐዋ፣ እህቴ፣ ሰኞ ቤቱን ልቀቂልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም የሚሰማ አይመስልም።

እትዬ ሐዋ ግራ ገባት። «እባካችሁ፣ ነውር እኮ አይደለም። እናንተ ራሳችሁ የሰጣችሁት ነው።»

«እኔ የሰጠሁት ትኩስ ነው» አሉ እማማ ዘውዲቱ። «ማርያምን፣ ላቡ ሳይደርቅ ነው የሰጠኋት።»

«እኔም ትኩስ።»

«እኔም።»

ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ።

ከእማዬ ቀሚስ ጀርባ ወጣሁ። መኝታ ክፍል ገብቼ ላስቲኩን ጎተትኩ። ላስቲኩ ሲመጣ አንዱን ቦቲ ይዞት መጣ። እትዬ ሐዋ ቁራጮቹን አላየችም። ቦቲውን አነሳች፤ አሸተተች፤ በሞባይሏ መብራት ውስጡን አየች። ውስጡ ሮዝ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ተረከዝ፣ ሐር የተነጠፈበት ይመስል።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እማማ ዘውዲቱ ቦቲውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እንግዲህ እኔ የአባትሽ ጫማ ነኝ?» አሉ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ክፍሏ ገብቼ በሩ ሥር ቆምኩ። ተመትቼ ቢያልፍልኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ በደብተሯ ላይ የጻፈችውን ገጽ በገጽ በረጅም መስመር ትሰርዛለች።

«ሮዟን ስለወደድሻት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ትቆጪኛለሽ?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሮዟን ስታመጪልኝ ዘለልኩ፣ አይደል? መዝለል አልነበረብኝም። ያስደሰተኝን ደግመሽ አመጣሽልኝ። እኔ ደግሞ የፈለግሁትን ስላገኘሁ ቤቶቹን ሄጄ አላየሁም። ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ ያደግሁ ሰው፣ አንድ አልጋ ሥር ጎንበስ ማለት አቃተኝ።» ደብተሯን ዘግታ «ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ መቅዲ» አለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ በጣም አለቀስኩ። ድንች ሰጠችኝ።

ያዳናት ግን የእኔ ለቅሶ አይደለም፤ የእማማ ዘውዲቱ እልህ ነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ መጡ።

«ስሜ ከጫማ ጋር ተነካክቶ አይቀርም» አሉ። «የእኔን እውነተኛ ሻጋታ መጥተሽ በዓይንሽ ታያለሽ።»

አንድ እንጀራ ለብቻው በትንሽ መሶብ አስቀመጡ። እትዬ ከድጃ ይህን ስትሰማ የእሷንም አስቀመጠች፤ «የእሳቸው ከታየ የእኔም ይታይ» ብላ። በሦስት ቀን አሥራ አንዱም ቤት አስቀመጠ። እትዬ ሐዋ በየማለዳው በየቤቱ እየዞረች ራሷ ታያለች፤ እኔ ፋኖሷን ከመያዝ በቀር ምንም እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ሴቶቹ የማን ይበልጥ ይቆያል ብለው እልህ ተያያዙ። አንዷ ሌላዋን ልጠይቅ ብላ ሄዳ መሶብ ታያለች። እማማ ዘውዲቱ እንጀራቸው ላይ ጸበል ረጭተዋል የሚል ወሬ ተነሣ፤ እትዬ ከድጃ ለእትዬ ሐዋ አቤት አለች። እትዬ ሐዋም «ውሃ ከሆነ እንዲያውም ያፈጥነዋል» ብላ አረጋጋቻት። ወሬው በዚያው ቀን ቆመ።

እማዬ ብቻ ቀረች። ሰኞ ልቀቂ ማለቷን በዝምታ ረስታዋለች፤ መሶቧን ግን አልከፈተችም። አባዬ በመጣ ቅዳሜ፣ እትዬ ሐዋም ባለችበት ምሳ ላይ፣ ራሷ ነገሩን ጎተተችው።

«የእኔስ ይኸው ስንት ዓመት ኮምቦልቻ ይላካል፤ አንድ ቀን ሻግቶ አያውቅም። እሱን ጠይቂው።»

አባዬ የጎረሰውን ረጅም ጊዜ አኘከ። እትዬ ሐዋ ጣሪያውን አየች። እኔ አሮጌው ቦቲ የነበረበትን አየሁ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች እማዬ። ከዚያ ገባት። «ስንት ዓመት?»

«ከተቀጠርኩ» አለ አባዬ።

«ታዲያ ምን ስትበላ ነበር?»

«እየፋቅሁ።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።»

እማዬ ብድግ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም። አባዬ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ ጠርቷት ሦስቴም «መጣሁ» አለችው።

ጳጉሜን ገባ። እትዬ ሐዋ አሥራ አንድ ናሙና ይዛ ካርቶኖቿን አሰረች። «አንድ ጎደለ፤ መምህሬን እለምናለሁ» አለችኝ። እማዬ እኔን አስከትላ በጠዋት እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ካርቶኖቹ በአውቶቡሱ ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫኑ ከነጠላዋ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና እትዬ ሐዋ ጉያ ውስጥ ወተፈችው፤ የተሰረቀ ዕቃ የምታቀብል ትመስል ነበር።

«ስድስት ቀን ነው። ማድ ቤት ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመርኩ ነው የቆጠርኩት። ማንም አልነካውም፤ ይቺም አልነካችውም። ስሜን እንዳትጽፊው።»

«የማንንም አልጽፍም፣ እትዬ አስካለ። ቁጥር ብቻ።»

«ስንት ቁጥር ነኝ?»

«አሥራ ሁለት።»

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ካርቶኖቹ ጣሪያው ላይ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛው ግን በጭኗ ላይ ነበር፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከእትዬ ሐዋ አንድ ወፍራም የጥናት መጽሐፍ በሰው እጅ ተላከልን። እንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። እማዬ እጇን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠችና «አንብቢልኝ» አለች። መዝገበ ቃላት ይዤ ገፅ ሳገላብጥ መጀመሪያ ያገኘሁት ዓይኔ የፈራውን ነው። የደሴ የመጀመሪያው ዙር ናሙና በሙሉ ተጥሏል ይላል። ምክንያቱን ፈለግሁ። «በአጥኚዋ ስህተት» ይላል። የእኔ ስም የለም፤ ልጅ የሚል የለም፤ አልጋም ቦቲም የለም። ለእማዬ እንዳለ አነበብኩላት። ከዚያች ክረምት ወዲህ ያልሆነ ነገር ሆነ ብዬ ለመናገር ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ምላሴ ላይ ቦቲ ይመጣብኛል።

«የእኔስ?» አለች እማዬ። «ቁጥር አሥራ ሁለት ስንተኛ ወጣ?»

ሰንጠረዡን አገኘሁት። እማማ ዘውዲቱ ቁጥራቸውን ለሰፈሩ ሁሉ ስለተናገሩ፣ ቁጥር አራት እሳቸው እንደሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁጥር አራት ሰባት ቀን፣ ቁጥር አሥራ ሁለት ስድስት ቀን። ሌላ ቁጥር መናገር በጣም ቀላል ነበር፤ እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም።

«ሁለተኛ» አልኳት። «አንደኛዋ እማማ ዘውዲቱ ናቸው። በአንድ ቀን።»

እማዬ መጽሐፉን ዘጋችው። በላስቲክ ሸፈነችው፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

«ለዘውዲቱ እንዳትነግሪያት» አለች።